መስከረም እስኪጠባ፤ የነሐሴ ማታ በገበሬው ቤት

በደጋው አገር ነሐሴ ውስጥ ፀሐይ ሳትታይ ወጥታ ሳትታይ የምትጠልቅበት ቀን ብዙ ነው። ከቀትር በኋላ የተነሣው ደመና ሸንተረሩን ይሸፍናል፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ጅረቱ ይሞላል፤ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ከወንዙ ማዶ ቆሞ ውሃው እስኪጎድልለት ይጠብቃል። ከብቶቹ ጭቃውን እየረገጡ ወደ በረት ሲገቡ እረኛው ልጅ ገሳውን ከትከሻው አውርዶ ደጃፉ ላይ ያራግፋል። በዚያች ሰዓት ከየጎጆው ክዳን ሥር ጭስ መውጣት ይጀምራል። ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ መንደሩን ቁልቁል የሚመለከት ሰው ቢኖር፣ የትኛው ቤት እሳት እንዳነደደና የትኛው እንዳላነደደ አንድ በአንድ መቁጠር ይችላል።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚያ ጭስና ከጭሱ ሥር ባለው ኑሮ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን የዘመን አከፋፈል ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። ጸደይ የሚባለው ወቅት ደግሞ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ነው። ይሁን እንጂ በሌላው ዓለም ሰዎች በረዶውን አሳልፈው አበባ ለማየት በናፍቆት የሚጠብቁት ወቅት፣ ለእኛ ደጋ ገበሬ የሚመጣው በመስከረም ነው። ብርዱና ጭቃው አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ አደይ አበባ ዳገቱን ቢጫ የምታለብሰው ያን ጊዜ ነውና። ስለዚህም ነሐሴ የመጠባበቂያ ወር ነው። ሥራ ግን የለም ማለት አይደለም። ጤፉ ተዘርቶ አልበቃም፤ የተዘራውም አረም ይበላዋል፤ ቀኑ በሙሉ በእርጥብ ልብስ ያልፋል። ለቤተሰቡ የሚተርፈው ማታው ነው።

በምድጃው ዙሪያ

የነሐሴ ማታ ደስታ ውድ ዕቃ አይጠይቅም። እመ ቤቲቱ ምጣዱን ጥዳ ገብሱን ትቆላለች። ገብሱ መንጣጣት ሲጀምር ቤቱ በሽታው ይሞላል፤ ልጆቹም ሳይጠሩ ወደ ምድጃው ይጠጋሉ። ቆሎው በሰፌድ ተነፍቶ በሙቀቱ ለየእጁ ይታደላል። በሌላ ቀን ባቄላና ስንዴ ተቀላቅሎ ንፍሮ ይሆናል፤ ወይም አዲስ የተቆፈረው ድንች ረመጥ ውስጥ ተቀብሮ ይበስልና ልጣጩ እየተቃጠለ ከእጅ ወደ እጅ ሲገላበጥ ይበላል። በተለይ በምዕራቡና በሰሜን ምዕራቡ ደጋ የነሐሴ ድንች እህሉ እስኪደርስ ድረስ ቤተሰቡን አሻግሮ የሚያደርስ ነው። የቡና ተራ በሆነበት ቀን ደግሞ ጎረቤት ይጠራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስተኛው እስኪቀዳ ድረስ የሰፈሩ ወሬ ይደርሳል፤ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ማሳ ውሃ እንደተኛበት፣ ማን እንደታመመ ይታወቃል።

እጅ ግን ሥራ አይፈታም። አያትየዋ እንዝርቷን ታሾራለች፤ በቆላው አቅራቢያ ባለ አገር ጥጥ፣ በመንዝና በመሳሰሉት የሰሜን ሸዋ ደጋዎች ደግሞ የበግ ጠጉር ይፈተላል። ለመስከረም የሚለበሰው ጋቢ፣ ለብርዱ የሚደረበው ባና መነሻው ይህችው እንዝርት ናት። አባ ወራው ጠፍር ይለፋል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ለመጪው እርሻ የሚሆነውን ሞፈር ይጠርባል። ቀፎ የሚሠራም አለ፤ አደይ አበባ ስትፈነዳ ንቡ ቤት እንዲያገኝ ቀፎው ከወዲሁ ተለቅልቆ መድረቅ አለበትና። ልጃገረዲቱ ባለፈው ዓመት የተለቀመውን ስንደዶና አክርማ ይዛ ስፌቷን ትሰፋለች። ከመደቡ ማዶ የታሰረው ጥጃ ሲተነፍስ ይሰማል። ውጭ ዝናቡ ክዳኑን ይመታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለገጠር ሰው ምቾት የሚባለው ነው፤ ከተማ የሄደ ልጅም በክረምት ማታ ቤቱን የሚያስታውሰው በዚህ ነው።

የእሳት ዳር ትምህርት

ከዚህም ሌላ የነሐሴ ምድጃ ትምህርት ቤት ነው። በክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የእሳት ዳሩ ግን ይከፈታል። አንዱ ልጅ «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መልሱን ያጣው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርንም አንኮበርንም ሰጥቶ ይገላገላል፤ ይሁንና አገሩን የተቀበለው ልጅ እንዳሻው እየቀለደበት ሁሉም ይስቃል። የሚጠየቀው ነገር ሩቅ አይደለም። ወፍጮው፣ እንቁላሉ፣ ጥላው፣ እሳቱ ራሱ ነው። ልጁ በየቀኑ የሚያየውን ነገር ዞር ብሎ እንደ አዲስ እንዲያየው ያደርገዋል።

ተረቱም እንዲሁ ነው። ጅብና አህያ፣ ጦጣና ነብር በሚባሉት ታሪኮች ውስጥ ልጁ ስስታምን ከቸር፣ ተንኮለኛን ከየዋህ መለየት ይማራል። ከዚያም የዘር ቆጠራ ይመጣል። ልጁ የአባቱን አባት፣ የአያቱን አባት እያለ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንዲቆጥር ይደረጋል፤ ሲያድግ ከዘመዱ እንዳይጋባ፣ በችግሩ ጊዜም ወገኑን እንዲያውቅ ነው። የየትኛው ማሳ ወሰን የት እንደሆነ፣ የትኛው ምንጭ በድርቅ ዘመን እንዳልነጠፈ፣ ለየትኛው መሬት የትኛው ዘር እንደሚስማማ የሚነገረውም በዚህ ሰዓት ነው። ይህ ዕውቀት በመዝገብ አልተጻፈም። አንድ ሽማግሌ ሳይናገረው ከሞተ ጠፍቶ ይቀራል።

ዛሬ በብዙ ቤት በኩራዝ ፋንታ በፀሐይ ኃይል የምትሞላ ትንሽ መብራት ትበራለች፤ ሬዲዮም አለ፤ ወጣቱም ስልኩን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። የገበያ ዋጋና የአየር ጠባይ ወሬ በዚሁ ይገኛል። ነገር ግን ሁሉም በየጥጉ ከሆነ አያትየው ለማን ይናገራል? አንዳንድ ቤተሰብ ለዚህ መላ አግኝቶለታል፤ ሬዲዮው ወሬውን ተናግሮ ሲጨርስ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ተራው የሰው ነው።

ቀን እየቆጠሩ መጠበቅ

መጠበቅ ራሱ ደስታ የሚሆነው ምልክቶች ሲኖሩት ነው። የነሐሴ ወር ምልክቱ ብዙ ነው። ወሩ በፍልሰታ ጾም ይጀምራል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት እረኞች የገመዱትን ጅራፍ በየጋራው ላይ ያጮሃሉ፤ በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ ልጆችም በየደጁ እየዞሩ ጨፍረው ሙልሙል ዳቦ ይቀበላሉ። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚባለው ዝናቡ በዚያ ቀን ስለሚያቆም ሳይሆን፣ ልቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መስከረም ስለሚዞር ነው። ነሐሴ 16 ቀን ጾሙ ሲፈታ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ እየተባለ ልጃገረዶች ወገባቸውን በለምለም ቅጠል አስረው ይጫወታሉ።

ከዚያ ጳጉሜን ትገባለች። ጳጉሜን 3 ቀን ዝናብ ከዘነበ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይታጠቡበታል። ሴቶች ቤቱን ይለቀልቃሉ፤ ብቅልና ጌሾ ተዘጋጅቶ ለጠላው የሚሆነው አሻሮ ይታመሳል፤ ቤቱ ሁሉ ያንኑ ይሸታል። መስከረም 1 ቀን እርጥብ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ሴቶች ልጆች አደይ ይዘው እየዘፈኑ ሲመጡ፣ የክረምቱ ማታ ሁሉ የተጠበቀው ለዚህች ጠዋት መሆኑ ይታወቃል።

ጎታው ባዶ ሲሆን

እስከዚህ ድረስ የተጻፈው በጎታው እህል ላለው ቤት ነው። የማኅበር መሪዎች ግን ከማንም ይበልጥ እንደሚያውቁት፣ ነሐሴ የደስታ ወር ብቻ አይደለም። ያለፈው ዓመት እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ያልደረሰበት ወር ነው። የእህል ዋጋ ከመኸር በኋላ ባሉት ወራት ዝቅ ብሎ በክረምቱ ወራት ከፍ ይላል፤ በጥር የሸጠው ገበሬ በነሐሴ በውድ መልሶ ይገዛል። መግዛት ያቃተው ይበደራል፤ በነሐሴ የተሰፈረለትን ቁና በመኸር ጊዜ አብልጦ ይከፍላል። እንዲህ ያለው ቤት አዲሱን ዓመት የሚቀበለው ከነዕዳው ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ዘር የሚበላበት ማታ ነው። ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ በጥቁር አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። ስለሆነም ዘራቸው በነሐሴ ገና ከቤት አልወጣም። ልጆች እየራባቸው ያንን ዘር ማስቀመጥ ለእናት ከባድ ነው። አንድ ማታ ጥቂት ይቆላል፤ በማግስቱ ሌላ ጥቂት ይቆላል፤ መስከረም ሲጠባ ማሳው አለ፣ እርጥበቱ አለ፣ ዘሩ ግን የለም። ስለዚህ የሽምብራ ቆሎ ሽታ በአንዱ ቤት የጨዋታ ሲሆን በሌላው ቤት የሚመጣው ዓመት ሲቃጠል የሚሸት ሽታ ነው።

ጓያንም በሚመለከት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጓያ ድርቅንም ጎርፍንም ስለሚችል የክፉ ቀን እህል ነው። ነገር ግን ሌላ እህል ጠፍቶ ለተከታታይ ወራት እርሱ ብቻ ቢበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ የሚያስከትለውም ሽባነት አይድንም። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል፣ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ጉዳቱን ይቀንሳል። ጓያ ብቻ የሚበላበት ቤት ካለ፣ ነገሩ የዚያ ቤት ብቻ ጉዳይ ተደርጎ መተው የለበትም።

በግንቦት የሚሠራው ለነሐሴ ነው

እንግዲህ የነሐሴ ማታ ደስታ የቆመው በሦስት ነገሮች ላይ መሆኑን ማየት ይቻላል፤ በደረቅ ማገዶ፣ በማያፈስ ክዳንና በጎታ ውስጥ ባለ እህል ላይ። ሦስቱም በነሐሴ አይገኙም። ኩበት በዝናብ አይደርቅም፤ ሣር በክረምት አይታጨድም፤ እህልም ያኔ ውድ ነው። ሁሉም አስቀድሞ፣ ገና በበጋው መታሰብ አለባቸው።

ማገዶን በሚመለከት፣ የሚነደው ኩበት ለማሳው ማዳበሪያ ሊሆን ይችል የነበረ ነው። ጭሱም ቢሆን ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል ቢባልም የእናቶችን ዓይን ያጠፋል፤ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የነሐሴ ምድጃ ደስታ ከጀርባው ይህ ጉዳት እንዳለበት መሸሸግ አይገባም። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በሲሚንቶ የሚሠራ ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። ምድጃው የሚሠራው በቅርፅ ማውጫ በመሆኑ አንድ ቅርፅ ማውጫ ለአንድ መንደር ሊያገለግል ይችላል። በዚህ ላይ ግድግዳው ከፍ ብሎ ጭስ መውጫ ቢከፈትለት የምድጃው ዙሪያ ሳይፈርስ ጭሱ ብቻ ይወጣል።

እህልን በሚመለከት፣ ብዙው የሚጠፋው ሳይበላ ነው። ነቀዝ የገባበት ጎታ በነሐሴ ሲከፈት ዱቄት ብቻ ይገኝበታል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት በሚገባ የደረቀ እህል ተሞልቶ አጥብቆ ከታሰረ፣ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም። የኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት ቦታ ደግሞ በጥር በርካሽ ዋጋ ከአባላት እህል ገዝቶ አስቀምጦ በነሐሴ በመጠነኛ ዋጋ መልሶ ለአባላት መሸጥ ወይም ማበደር ይቻላል። የሽምብራውን ዘር ከየቤቱ ተቀብሎ በአንድ መጋዘን በስም ማስቀመጥም አንድ መላ ነው። እናትየዋ ዘሩን ከልጆቿ ዓይን ለማራቅ ብቻዋን ከምትታገል፣ ማኅበሩ ቢያግዛት ይቀላታል።

ክዳንን በሚመለከት ከመንዝ የሚገኘው ምሳሌ ብዙ ያስተምራል። በመንዝ ጌራ የሚገኘው ጓሳ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው የሣር ምድር ነው። ሕዝቡ ቤቱን የሚከድነውና ገመድ የሚገምደው ከዚሁ ሣር ነው። የአካባቢው ሰው ይህን ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ እንዲያድግ ይደረግና በስምምነት ሲከፈት ሁሉም በተወሰነለት ጊዜ ያጭዳል፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ተመልሶ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ የቆየ ሥርዓት በሕግ መሠረቱ ቀረ፤ የጋራውም ሣር ለመጎዳት ተጋለጠ። ከዚያ በኋላ ግን የዙሪያው የገበሬ ማኅበራት ተስማምተው በጋራ ጥበቃውን መልሰው አቆሙት። ጓሳ ዛሬም በሕብረተሰቡ የሚጠበቅ ቦታ ነው። ሣር የሚታጨድበትን ጊዜ በጋራ መወሰን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በነሐሴ ማታ ቤቱ የማያፈስበት ሰው ግን ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያውቀዋል።

ጭሱን መቁጠር

የገበሬ ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. ሲቋቋሙ የመጀመሪያ ሥራቸው መሬት ማደላደል ነበር። ዛሬ አስተዳደሩ ቀበሌ ቢባልም በብዙ ገጠር ሕዝቡ አሁንም ገበሬ ማኅበር ብሎ ይጠራዋል። ስሙ ምንም ይሁን፣ የመሪነት ሥራው ከስብሰባና ከመዋጮ በላይ መሆኑ ግልጽ ነው። በነሐሴ ማታ የሚጠራ ስብሰባ አባ ወራውን ከልጆቹ አጠገብ ያስነሣዋል፤ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር በሰንበት ቀን ቢደረግ ይሻላል። መሪው ማታውን ለቤተሰቡ ቢተውለት ምንም አይጎድልበትም።

መሪው ራሱ ግን በዚያች ሰዓት አንድ ሥራ አለው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ቆም ብሎ መንደሩን ይመልከት። አባቶች ጎረቤታቸውን የሚያውቁት በጭሱ ነበር። ጭስ የማይወጣበት ቤት ወይ ሰው ታሞበታል፣ ወይ ማገዶ አልቆበታል፣ ወይ የሚጣድ ነገር ጠፍቶበታል። በ1977 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍል ረሃብ በገባ ጊዜ የብዙ ቤት ምድጃ ከቤቱ ባለቤቶች አስቀድሞ መብረዱን ያ ዘመን ያየ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ሰዎቹ መንገድ ከመውጣታቸው በፊት ጭሱ ቆሞ ነበር።

ስለዚህ ጭስ የሌለበት ቤት ሲታይ በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ማታ በሩ ይንኳኳ። ባሏ የሞተባት ሴት ከሆነች፣ ክዳኗ የሚያፈስ ከሆነ፣ ዝናቡ ባራ ባለ ቀን ደቦ ተጠርቶ ለጊዜው ይጠገንላት፤ በበጋ ደግሞ በደንብ ይከደንላት። እህል አልቆባት ከሆነ ከማኅበሩ ወይም ከእድሩ አንድ ቁና ይሰፈርላት፤ ዘሯንም እንዳትቆላ። ማገዶ ጠፍቶባት ከሆነ አንድ እቅፍ ደረቅ እንጨት ከጎረቤት ይወሰድላት። ይህ ሁሉ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማየትን ብቻ ነው።

አደይ አበባ በየዳገቱ ትፈነዳለች፤ ለማንም አታዳላም። አበባዋን በደስታ የሚቀበላት ግን ክረምቱን እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ተረት ሰምቶ፣ ቆሎ ቆርጥሞ ያሳለፈ ሰው ነው። መስከረም ሲጠባ በማኅበሩ ውስጥ ካሉት ቤቶች ስንቱ እንዲህ ሆኖ እንደሚጠብቃት አሁን፣ በነሐሴ፣ ከጭሱ መቁጠር ይቻላል።